የትኛው ጭቃ?

ሮቤ፣ ነሐሴ። አንዲት አሮጌ ሃርድ ቶፕ ላንድ ክሩዘር ጎሚስታ ቤት ደጃፍ በክሪክ ተነሥታ ቆማለች። ባለቤቷ መኪናዋን ለጎብኚዎችና ለተመራማሪዎች በኮንትራት ታከራያለች። ሾፌሩ ወጣት ነው፤ ጎሚስታው በሙያው ያረጀ ሰው።

ሾፌሩ፦ ጋሼ፣ እርስዎ ይፍረዱን። እኔ አራቱም ይውጡና የጭቃ ጎማ ይግባ እላለሁ። ያ ጥርሱ የትራክተር የሚመስለው፣ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ያየነው። እትዬ ደግሞ አይሆንም ይላሉ።

ባለመኪናዋ፦ አይሆንም መቼ አልኩ? ዋጋውን ጠይቄ ደነገጥኩ ነው ያልኩት። ብሩ በገበያ ይመራ ከተባለበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ ጎማ ዝም ብሎ የሚገዛ ሰው የለም። ገንዘቤን ካወጣሁ አይቀር ዕድሜ ያለው ነገር ልግዛ።

ጎሚስታው፦ ደግ ብለሻል። ግን መጀመሪያ፣ የያዛችሁ የትኛው ጭቃ ነው?

ሾፌሩ፦ ጭቃ ያው ጭቃ ነው እንጂ ጋሼ!

ጎሚስታው፦ አይ የኔ ልጅ። እዚህ ባሌ ውስጥ በአንድ ቀን መንገድ ሦስት ዓይነት አፈር ትረግጣለህ። ወደ ሲናና፣ ወደ ጋሰራ ማሳ ብትገባ መረሬ ነው። በደረቅ ወራት ተሰነጣጥቆ እግር ያስገባል፤ ሲርስ ጫማህን አስቀርቶ በካልሲ ይሸኝሃል። ጎባን አልፈህ ሳነቲ ስትወጣ ጠጠርና ስለታም ድንጋይ ነው። ከሪራ ቁልቁል ሐረና ጫካ ስትገባ ደግሞ ቀይ አፈር፤ ላዩ ያንሸራትታል፣ ሥሩ ግን ጠንካራ ነው። የቱ ነው የያዛችሁ?

ባለመኪናዋ፦ መረሬው። ስንዴ የሚያዩ ሰዎች ይዘን ከጠጠሩ ወጥተን ማሳ ዳር ለመድረስ ስንሞክር ነው የተያዝነው። ትራክተር ባይደርስልን እዚያው እናድር ነበር።

ጎሚስታው፦ የጋናው አዝመራ ሳይነሣ የቦናው ዝናብ በጀመረ ሰሞን ነዋ።

ባለመኪናዋ፦ ልክ ነው።

ጎሚስታው፦ የሲናና ገበሬ በዓመት ሁለቴ ያመርታል። ጋናውን ከመጋቢት እስከ ሐምሌ፣ ቦናውን ከነሐሴ እስከ ታኅሣሥ። ለእሱ በረከት ነው፤ ለሾፌር ግን መሬቱ የሚደርቅበት ጊዜ አጠረ ማለት ነው። ሌላ አገር ክረምቱ ወጣ ብለህ ትገላገላለህ።

ሾፌሩ፦ ይኸው! እኔስ ምን አልኩ? ጭቃው ያን ያህል ከቆየ የጭቃ ጎማ ያስፈልገናል ማለት ነዋ።

ጎሚስታው፦ እስቲ ና፣ እዚህ ቁም። ይህ የአንድ የኮንትራክተር ፒክአፕ ጎማ ነው፤ ለልጥፍ የመጣ። ጎኑ ላይ ኤም እና ቲ የሚሉ ፊደላት አሉ፤ የጭቃ ጎማ ማለት ነው። ጣትህን ጥርሱ መካከል አስገባ። ስንት ጣት ገባ?

ሾፌሩ፦ ሁለት። ወርዱ ሰፊ ነው፣ ጥልቅም ነው።

ጎሚስታው፦ አዲስ ሲሆን ጥልቀቱ 14 ሚሊ ሜትር ገደማ ይደርሳል። ያ ክፍት ቦታ ለጌጥ አይደለም። ጥርሱ ጭቃውን ይዞ ይዞርና ጎማው በፍጥነት ሲሽከረከር ወደ ውጭ ይወረውረዋል። ሲወረውር ቦታው ባዶ ይሆናል፤ ባዶው እንደገና ይነክሳል። ሙያው ይኸው ነው። እንግዲህ እንዲወረውር ሁለት ነገር ይፈልጋል፦ የሚለቅ ጭቃና የሚያሽከረክር ሞተር። መረሬ ደግሞ አይለቅም። ጥርሱን ይሞላና ጎማው ዱባ ይሆናል፤ ቀጥሎ ፓራፋንጎው ሥር ይጠቀጠቃል፤ በመጨረሻ ጎማው ራሱ መዞር ይሳነዋል። ያን ጊዜ ጎማው የጭቃ ሆነ አልሆነ ልዩነት የለውም፤ አካፋ ነው የሚያስፈልገው።

ሾፌሩ፦ ነዳጁን ረገጥ ካደረጉት ግን ይወረውራል።

ጎሚስታው፦ አንዳንዴ። አሸዋ የተቀላቀለበት፣ ውኃ የበዛበት ጭቃ ከሆነ፣ አዎ፣ የጭቃ ጎማን የሚያህለው የለም፤ ይህን አልክድም። የተንጣለለ መረሬ ላይ ግን በረገጥክ ቁጥር ወደ ታች ትቆፍራለህ። የረገጥከው መኪና ሆዱ መሬት ነክቶ ዲፍረንሻሉ ላይ ከተቀመጠ በኋላ ደግሞ አራቱም ጎማ በአየር ላይ ነው የሚዞረው።

ባለመኪናዋ፦ ታዲያ መረሬ ላይ የሚያዋጣው ምንድን ነው?

ጎሚስታው፦ መረሬ ሲርስ አለመግባት። ቀልዴን አይደለም የምልሽ። ፀሐይ ወጥታ ግማሽ ቀን ከጠበቅሽ ላዩ ይጠነክራል። የግድ ከሆነ ሰንሰለት አለ፤ እሱን ቆይቼ እነግርሻለሁ። አሁን ግን ዓመቱን ሙሉ የት የት እንደምትሄጂ ንገሪኝ።

ባለመኪናዋ፦ አብዛኛው ሳነቲ ነው። ከጎባ ወጥተን ቱሉ ዲምቱ እናደርሳቸዋለን፤ ወደ ሪራና ወደ ሐረና የሚወርዱም አሉ። አንዳንዴ ሶፍ ዑመር። እንግዶቹን ለመቀበልና ለመሸኘት ደግሞ አዲስ አበባ። የባሌ ተራሮች ፓርክ በ2016 መግቢያ ላይ ዩኔስኮ ከመዘገበው ወዲህ ሊያዩት የሚመጡ ጨምረዋል። ማሳ ውስጥ የምንገባው አልፎ አልፎ ነው።

ጎሚስታው፦ ከሮቤ አዲስ አበባ ከ400 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ያ ሁሉ አስፋልት ነው። እንግዲህ ጎማሽ ከሚያልቅበት መንገድ አብዛኛው አስፋልትና ጠጠር ሆነ ማለት ነው። አስፋልት ላይ የጭቃ ጎማ ያስቸግራል። ጥርሱ የተራራቀ ስለሆነ መሬት የሚነካው ጎማ ጥቂት ነው። እያንዳንዱ ጥርስ በፍሬን ጊዜ ወደ ኋላ ይታጠፋል፤ ስለዚህ የፊት ጠርዙና የኋላ ጠርዙ እኩል አያልቅም፤ ከጊዜ በኋላ መጋዝ ይሆንና ከዲንሾ እስከ ዶዶላ ሲጮህብሽ ይውላል። ጩኸቱስ ይቻላል። ዝናብ ላይ ፍሬን ስትይዢ ነው ጉዱ። ዲንሾ አጠገብ ጋይሳይ ሜዳ ላይ አመሻሽቶ የደጋ አጋዘን መንገድ ሲያቋርጥ አላየሽም?

ባለመኪናዋ፦ ስንት ጊዜ! በዚያ ላይ ከብቱ፣ በጉ፣ ፈረሱ።

ጎሚስታው፦ እርጥብ አስፋልት ላይ የሚይዘው ጥርሱ ላይ በቀጭኑ የተሰነጠቀው ስንጥቅ ነው። ስንጥቁ ውኃውን ይቆርጠዋል። ሁሉን መንገድ የሚሄደው ጎማ፣ ኤ እና ቲ የሚል የተጻፈበት፣ በዚህ ስንጥቅ የተሞላ ነው። የጭቃው ጎማ ግን ጥቂት ነው ያለው። የሐረናው ቀይ አፈርም እንደ እርጥብ አስፋልት ነው የሚጠይቀው፤ ላዩ ድጥ፣ ሥሩ ጠንካራ።

ሾፌሩ፦ ቆይ ጋሼ፣ እዚህ ላይ አልስማማም። ከሳነቲ ወደ ሪራ ያለውን ጠመዝማዛ ቁልቁለት በዝናብ ወርጄዋለሁ። ያን ጊዜ ጥርስ ያለው ጎማ በተመኘሁ።

ጎሚስታው፦ በስንት ማርሽ ወረድክ?

ሾፌሩ፦ በሦስተኛ… አንዳንዴ በሁለተኛ።

ጎሚስታው፦ ሁለቱን ዲፍረንሻል አስገብተህ፣ በከባዱ ማርሽ፣ ፍሬን ሳትነካ በሞተር ብትወርድ ኖሮ የተመኘኸው ነገር አይታወስህም ነበር። ጎማውም ቀጭን መሆኑ ይጠቅምሃል። ሥሩ ጠንካራ በሆነ ጭቃ ቀጭን ጎማ ላዩን ቀዶ ሥሩን ይረግጣል። ሰፊው ግን ላዩ ላይ ይንሳፈፋል፤ ተንሳፍፎ ይንሸራተታል። መጨረሻ በሌለው ማጥ ላይ ነው ስፋት የሚረዳው።

ባለመኪናዋ፦ እሱ እኮ ሰፊውን ነው የመረጠው። 265 የሚል አለበት።

ጎሚስታው፦ እሱማ የማይሆን ነገር ነው። ይህች መኪና ላይ ያለው 7.50አር16 ነው። 7.50 ስፋቱ በኢንች፣ 16 የቸርኬው መለኪያ። ቸርኬው ጠባብ ነው፣ አምስት ተኩል ኢንች። 265ቱን በዚህ ላይ ብገጥመው ጎኑ አብጦ መሐሉ ይነሣል፤ አስፋልት ላይ መሐሉ ብቻ ያልቃል። ሰፊ ቸርኬ ጨምረሽ መግዛት ሊኖርብሽ ነው። ሌላም አለ። ሳነቲ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። እዚያ ያለው አየር ባሕር ዳርቻ ካለው ሲነጻጸር አንድ ሦስተኛው ጎድሏል። ይህች ባለ 4.2 ሊትር ናፍጣ ሞተር ደግሞ ቱርቦ የላትም፤ የምትተነፍሰው ያንኑ የሳሳ አየር ነው። እስትንፋሷ ባነሰበት ቦታ ከባድና ሰፊ ጎማ ልታሸክማት ነው?

ሾፌሩ፦ ቱሉ ዲምቱ መጨረሻ ላይ እንደምትደክም አውቃለሁ። ናፍጣው ነው ብዬ ነበር።

ጎሚስታው፦ ናፍጣውም ይኖርበታል። ግን 4,377 ሜትር ላይ የማይደክም የለም፤ ሰውም ይደክማል። እስቲ ዞር በሉልኝ፣ ይህን ልነፋ ነው።

(ጎሚስታው የሌላ መኪና ጎማ መሬት ላይ አጋድሞ፣ የቸርኬውን ቀለበት በመዶሻ ዙሪያውን መታ መታ እያደረገ አስገባ። ከዚያ ወፍራም ሰንሰለት በቸርኬውና በጎማው ዙሪያ ሦስት ጊዜ ጠምጥሞ ቆለፈ። የመንፊያውን ቱቦ ሰክቶ አምስት እርምጃ ያህል ራቀ።)

ባለመኪናዋ፦ ሰንሰለቱ ምንድን ነው?

ጎሚስታው፦ ቀለበቱ በደንብ ካልተቀመጠ ነፋሱ ሲበዛ ይወረወራል። ጣሪያ ቀዶ የወጣ አውቃለሁ። ሰው የሞተበትም አገር ብዙ ነው። ስለዚህ መንገድ ላይ ጎማ ስትቀይሩ ባለቀለበቱን ቸርኬ ነፋሱን ሙሉ በሙሉ ሳታስወጡ ቀለበቱን እንዳትነኩት። ስትነፉም ፊቱን ወደ መሬት አድርጋችሁ ንፉ። ይህን ልጅ ከፊቱ ቆሞ ሲነፋ አይቼዋለሁ።

ሾፌሩ፦ አንድ ቀን ነው እሱ።

ጎሚስታው፦ አንድ ቀን ነዋ የሚበቃው።

ባለመኪናዋ፦ ታዲያ ይህን አደገኛ ቸርኬ አውጥተን ዘመናዊውን፣ ከመነዳሪ የሌለውን ለምን አንገጥምም?

ጎሚስታው፦ ይቻላል፤ ብዙዎች እያደረጉት ነው። ከመነዳሪ የሌለው ሚስማር ሲወጋው ቀስ እያለ ነው የሚተነፍሰው፤ ነፋስ ቀንሰሽም ጭቃ መግባት ትችያለሽ። ባለከመነዳሪው ግን ሪራም ቢሆን፣ ዶሎ መናም ቢሆን፣ አንድ ልጥፍና ማስቲሽ ካለ ይጠገናል። ጎሚስታ በሌለበት አገር የምትሠሪ ከሆነ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የእርዳታ ድርጅቶች ሃርድ ቶፕን ከነጠባብ ጎማው ስንት ዘመን የነዱት ያለ ምክንያት አይደለም።

ሾፌሩ፦ ነፋስ መቀነስ ያሉት ምን ያህል ነው? እኔ ጭቃ ስገባ ግማሹን አስወጣዋለሁ።

ጎሚስታው፦ ከመነዳሪ ያለው ከሆነ ተው! ከ20 ፒኤስአይ በታች ከወረደ ጎማው ቸርኬው ላይ ይዞራል፤ ከመነዳሪው ግን አብሮ ሲዞር ቫልቩ ቀዳዳው ላይ ተይዞ ይቀራል፤ ይበጠሳል። 36 ከነበረ ወደ 22፣ 24 አድርሰው። ጎማው ይረዝማል፣ የሚረግጠው ቦታ ይጨምራል። ይህ ብቻ ጥርስ ከመቀየር የበለጠ ይሠራል፤ በነጻ ነው ደግሞ። አስፋልት ከመድረስህ በፊት ግን መልሰህ ትሞላለህ። ነፋስ የጎደለው ጎማ በፍጥነት ሲሄድ ጎኑ እየተጣጠፈ ይግላል፤ ግሎ ይፈነዳል። ያኔ ሰው «ጎማው መናኛ ነበር» ይላል።

ባለመኪናዋ፦ ከፍታውስ? እዚህ ሮቤ ሞልቼ ሳነቲ ስወጣ ነፋሱ ይጨምራል ይሉኛል።

ጎሚስታው፦ ይጨምራል፤ የውጭው አየር ስለሚሳሳ ሁለት ያህል። ግን እዚያ ብርድ ነው። ዐሥር ዲግሪ በቀዘቀዘ ቁጥር አንድ ተኩል ያህል ይቀንሳል። ማለዳ ከወጣሽ አንዱ ሌላውን ያጣፋዋል። ወደ ዶሎ መና ስትወርጂም ነገሩ ተገልብጦ ያው ነው፤ አየሩ ይከብዳል፣ ሙቀቱ ይነፋል። ስለዚህ መንገድ ላይ አትነካኪው። ማለዳ፣ ጎማው ሳይግል፣ እዚሁ ለኪ።

ሾፌሩ፦ እሺ፤ የጭቃ ጎማ ለማንም አይሆንም እያሉን ነው?

ጎሚስታው፦ ማን አለ? ለኮምባይነር መለዋወጫና ናፍጣ ይዞ ማሳ ለማሳ የሚዞር ፒክአፕ አለ፤ መንገድ ሥራ ላይ የዋለ አለ፤ ውሎው ጭቃ ነው። እሱ ይግዛ። ሲገዛም በጥርሱ አይሸወድ። አገር የሚያየው ጥርሱን ነው፤ እኔ የማየው ጎኑን ነው። ጥርሱ ላይ ሚስማር ቢገባ እለጥፈዋለሁ። ጎኑን ድንጋይ ከቀደደው ግን ተጣለ፤ ወይ በረባሶ ሠሪ ይወስደዋል። የሳነቲ ድንጋይ እሳተ ገሞራ የተፋው ነው፤ የሚቀድደውም ጎኑን ነው። እና ጎኑ ስንት ድርብ ነው? እሱን ጠይቂ። ጎማው ላይ ስምንት ወይም ዐሥር ፕላይ የሚል ይኖራል። ከአጠገቡ ቁጥር አለ፤ 112 ካለ አንዱ ጎማ 1,120 ኪሎ ይሸከማል፤ 116 ካለ 1,250። ቀጥሎ ያለችው ፊደል ፍጥነቱ ናት፤ ኪው ካለች 160 ኪሎ ሜትር በሰዓት፣ ኤል ካለች 120። አንቺ ስምንት ሰው ከነሻንጣው፣ ጣሪያ ላይ ድንኳን ጭነሽ የምትወጪ ሰው ሸክሙን ሳታዪ ጥርሱን አትዪ።

ባለመኪናዋ፦ ስሙስ? ቢኤፍ ጉድሪች፣ ብሪጅስቶን፣ ማክሲስ፣ ዮኮሃማ፣ የቻይናው ደግሞ ስሙን እንኳ መጥራት ያቃተኝ።

ጎሚስታው፦ ስም ይረዳል፤ ግን ስሙ ትልቅ ሆኖ መጋዘን ውስጥ ያረጀ ጎማ ከመካከለኛ አዲስ ጎማ ያንሳል። እስቲ ያንን የናንተን ትርፍ ጎማ አምጣው። ጥርሱ እንዴት ነው?

ሾፌሩ፦ አዲስ ነው፤ ብዙም አልረገጠ።

ጎሚስታው፦ ጎኑን አንብብ። ዲ፣ ኦ፣ ቲ ከሚለው መጨረሻ አራት ቁጥር አለ።

ሾፌሩ፦ 2214።

ጎሚስታው፦ በፈረንጅ 2014፣ ሃያ ሁለተኛው ሳምንት። ከዐሥር ዓመት አልፎታል። አሁን ጎኑን እንዲህ ጠምዝዘህ እይ፤ እነዚያ ጸጉር የመሰሉ ስንጥቆች ይታዩሃል? ጎማው ደርቋል። የደጋው ፀሐይ ይበረታል፤ ጣሪያ ላይ ተሸክማችሁት ስትዞሩ ሳይረግጥ አረጀ። ፋብሪካዎቹ ራሳቸው ከዐሥር ዓመት በኋላ ጥርሱ ቢኖርም ጣሉት ነው የሚሉት። ስለዚህ ሶማሌ ተራ ስትገዙ መጀመሪያ እነዚያን አራት ቁጥሮች አንብቡ። ሻጩ «አዲስ ነው» ቢል ያልተረገጠ ማለቱ ነው።

ባለመኪናዋ፦ ይህን ማንም አልነገረኝም ነበር።

ጎሚስታው፦ ሌላ። ቁጥሩ መሐል አር ካለ፣ 7.50አር16፣ የሽቦ ጎማ ነው። ሰረዝ ካለ የድሮው የናይሎን ነው። የናይሎኑ ጎኑ ደንዳና ነው፤ ድንጋይ ይችላል፤ ግን ይግላል፣ ያንገጫግጫል፣ ቶሎ ያልቃል። ያኔ አዲስ አበባ የሚሠራውን የማታዶርን ጎማ ስንት አይሱዙ ላይ ገጥሜአለሁ። ለአንቺ ግን ባለ አሩ ይሻልሻል።

ሾፌሩ፦ ጋሼ፣ አንድ የመጨረሻ ሐሳብ። ኋላውን ሁለት የጭቃ፣ ፊቱን ሁለት የአስፋልት ብናደርግስ? ገንዘቡም ይቀላል።

ጎሚስታው፦ ይህን ሐሳብ ስንት ሰው ነው ያመጣልኝ! ቁመታቸው እኩል ካልሆነ ሁለቱን ዲፍረንሻል ባስገባህ ቁጥር ፊቱና ኋላው የተለያየ ርቀት ሊሄዱ ይጓተታሉ። ጭቃ ላይ ጎማው ተንሸራቶ ያርቀዋል። ጠጠርና ደረቅ መሬት ላይ ግን ጉልበቱ ካምቢዮው ሥር ይከማቻል፤ ማርሽ ማውጣት ያቅትሃል፣ ከዚያ ጥርስ ይሰበራል። ያተረፍከው የጎማ ዋጋ ለመካኒክ ይሄዳል።

ባለመኪናዋ፦ አንድ ነገር ደግሞ የፓርኩ ስካውት ነግሮኛል። ሳነቲ ላይ ከመንገዱ ወጥታችሁ እንዳትነዱ ይላል፤ በተለይ ጥርሰ ትልቅ ጎማ ያላቸው።

ጎሚስታው፦ እውነቱን ነው። እዚያ ያለው አፈር ስስ ነው፤ ጥርስ የቆፈረው ቦይ ውኃ ይወርድበትና ዓመታት ይቆያል። በዚያ ላይ ሥሩ የአይጥ ቤት ነው። ያ ትልቁ የባሌ አይጥ ከዚህ ሌላ የትም የለም፤ ቀይ ቀበሮውም የሚበላው እሱን ነው። የቀበሮው ጥበቃ ሰዎች ከመንገዱ ወጥተው ሲከታተሉ በፈረስ የሚሄዱት አላየሽም? እንግዳ ቀበሮ ቀረብ ብዬ ላንሣ ሲል ይህ ልጅ መሪውን እንዳይጠመዝዝ ንገሪው።

ሾፌሩ፦ እኔ አልጠመዝዝም!

ባለመኪናዋ፦ እንግዲህ ቁርጡን ይንገሩኝ። ምን ልግዛ?

ጎሚስታው፦ 7.50አር16፣ ባለ አር፣ ሁሉን መንገድ የሚሄድ፣ ዐሥር ፕላይ፣ ከሁለት ዓመት ያልበለጠ። አራት አይደለም፣ አምስት፤ ሁሉም አንድ ዓይነት። በየ8,000 ኪሎ ሜትሩ ትርፉንም ጨምራችሁ አዟዙሯቸው፤ ያን ጊዜ ትርፉ ጣሪያ ላይ ተቀምጦ አያረጅም። ለመረሬው ደግሞ የጎማ ሰንሰለት፣ ለኋላው ጥንድ። ይህ ሁሉ ተደምሮ አራት ሰፊ የጭቃ ጎማ ከነቸርኬው ከሚያወጣው ያንሳል።

ሾፌሩ፦ ጭቃ ውስጥ ተንበርክኮ ሰንሰለት የሚያስረው ማን ሊሆን ነው?

ባለመኪናዋ፦ ደመወዝ የሚከፈለው ነዋ።

ጎሚስታው፦ ጭቃ ውስጥ ማን እሰር አለህ? ደረቅ ላይ ሳለህ፣ ከመግባትህ በፊት ነው የሚታሰረው። ቀርፋፋ ትሆናለህ፣ ከሰው እርምጃ ትንሽ ፈጠን ብለህ ነው የምትሄደው፣ ከማጡ ስትወጣም ወዲያው ታወልቀዋለህ። አሁን ና፣ የግራ ኋላውን ቡሎን አላላልኝ፤ ከመነዳሪው የሚተነፍሰው በቫልቩ ይሁን በሌላ ከመሄዳችሁ በፊት ውኃ ውስጥ እንየው።